አንድ ክሪስታል፣ ብዙ ጠባይ

የአንድን ቁስ ጠባይ ለመለወጥ ስናስብ መጀመሪያ የሚመጣልን ሌላ ነገር መጨመር ነው። ብረት ጥቂት ካርቦን ሲገባበት አረብ ብረት ይሆናል፤ ንጹሕ ሲሊከን ጥቂት የፎስፈረስ አቶሞች ሲገቡበት ኤሌክትሪክን በደንብ ማሳለፍ ይጀምራል፤ የኬሚስትሪ ትምህርታችንም አብዛኛው ምን ከምን ጋር ቢዋሐድ ምን እንደሚገኝ የሚያስረዳ ነው። እኔን ለረጅም ጊዜ የያዘኝ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ምንም ሳይጨመርና ሳይቀነስ፣ ያው ክሪስታል፣ ያው አቶሞቹና ኤሌክትሮኖቹ እንዳሉ ሆነው፣ ጥቂት ስለተጨመቀ ወይም ለቅጽበት በብርሃን ስለተመታ ብቻ ጠባዩ ፈጽሞ ሊለወጥ ይችላል ወይ? መልሱ አዎ ነው፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠሩት ሙከራዎችም ይህንን ከማንም በተሻለ አሳይተዋል። እኔ በአራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ነገሩ በአማርኛ ረጋ ተብሎ ሊነገር ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ባለው የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ብዙም ሳይነካኩ ይጓዛሉ፤ የአንዱን ጉዞ ካወቅን የሌሎቹንም ከሞላ ጎደል አውቀናል ማለት ይቻላል። ኳንተም ቁሶች በሚባሉት ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ በብርቱ ስለሚገፋፉ የአንዱ አካሄድ በሌሎቹ ሁሉ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ ክሪስታል በፊቱ ብዙ መንገድ አለው፤ ማግኔት ሊሆን ይችላል፣ ኤሌክትሪክን ፈጽሞ የማያሳልፍ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ሊያሳልፍ ይችላል። የእነዚህ መንገዶች የኢነርጂ ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። በእህል በረንዳ ሚዛን ላይ ሁለት እኩል ኬሻዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሳለ አንድ እፍኝ ጤፍ ሚዛኑን እንደሚያጋድለው ሁሉ፣ እዚህም ትንሽ ግፊት መላውን ክሪስታል ከአንዱ ጠባይ ወደ ሌላው ለማሻገር ይበቃል። ለውጡ ከግፊቱ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ግፊቱን ከመጭመቅና ከመለጠጥ እጀምራለሁ፤ ይህ መንገድ በእጅ ሊያዝ ይችላልና። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ፒያሳ ከሱቅ በደረቴ የሚገዛ ተራ ላይተር እፈታለሁ። ጋዙን ካስወጣሁ በኋላ አውራ ጣት የሚጫነውን ክፍል ስነቅለው ከጫፉ ቀጭን ሽቦ የወጣለት ጥቁር ሲሊንደር ይገኛል። ሲጫኑት በውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ በስፕሪንግ ተወርውራ አንድ የሴራሚክ ክሪስታል ትመታለች፤ ክሪስታሉም ለቅጽበት ሲጨመቅ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚፈጠር በሽቦው ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ ትታያለች። ባትሪ የለውም፤ የተጨመቀ ክሪስታል ብቻ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እየተጫኑ ሲያዩት ቆይተው ከመካከላቸው አንዷ፣ «ቲቸር፣ ተገላቢጦሹስ ይሠራል? ኤሌክትሪክ ብንሰጠው ይጨመቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ በፊዚክስ ታሪክ ውስጥም በዚሁ ቅደም ተከተል የተነሣ ነው። ዣክ ኩሪና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 ኳርትዝን የመሳሰሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ፤ ጋብሪኤል ሊፕማን በ1881 ተገላቢጦሹም ሊሠራ እንደሚገባው በስሌት አመለከተ፤ ወንድማማቾቹም በዚያው ዓመት በሙከራ አረጋገጡት። ቮልት የተሰጠው ክሪስታል በጥቂቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ይህችው ትንሽ እንቅስቃሴ ዛሬ ኳንተም ቁሶችን የሚጨምቀው መሣሪያ ጉልበት ናት።

መሣሪያውን የሠሩት ክሊፎርድ ሂክስ፣ አንድሩ ማከንዚና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ችግራቸው ሙከራው ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከቅዝቃዜ ሁሉ የመጨረሻ ወሰን፣ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ መካሄድ ያለበት መሆኑ ነበር። በቮልት የሚረዝመው ቁስ ሲቀዘቅዝ ራሱም መጠኑ ስለሚለወጥ፣ ገና ቮልት ሳይሰጠው ናሙናውን ሊጨምቅ ወይም ሊሰብር ይችላል። መፍትሔው ሦስት ተመሳሳይ ምሰሶዎችን ጎን ለጎን ማቆም ሆነ፤ ቅዝቃዜው ሦስቱንም እኩል ስለሚለውጣቸው ለውጡ እርስ በርሱ ይጣፋል። ከዚያ በኋላ የውጪዎቹ ሁለቱ በቮልት ሲረዝሙ ናሙናው ይለጠጣል፣ የመካከለኛው ሲረዝም ደግሞ ይጨመቃል። ናሙናው ራሱ በሁለት ጫፉ በሙጫ የተያዘ እንደ ስንጥር የቀጠነ ክሪስታል ነው። የዚህ ንድፍ ቀላልነት ሁልጊዜ ያስደስተኛል፤ ውድና ውስብስብ የሚመስለው የምርምር መስክ ሦስት ምሰሶዎችን በትክክል በማቆም ተከፈተ።

የተጨመቀው ክሪስታል ስትሮንቲየም ሩተኔት ነው። በዚህ ቁስ ውስጥ ሱፐርኮንዳክተርነትን በ1994 ያገኘው በዮሺቴሩ ማኤኖ የተመራ የጃፓን ቡድን ሲሆን፣ ጠባዩ የሚታየው ከ1.5 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። በ2014 እነ ሂክስ ክሪስታሉ ሲጨመቅም ሆነ ሲለጠጥ ይህ የሙቀት ወሰን ከፍ እንደሚል አሳዩ። በ2017 ደግሞ ድሬስደን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ጭመቃውን ሲያጠናክሩ፣ 0.6 በመቶ ገደማ ላይ ወሰኑ ወደ 3.4 ኬልቪን ደርሶ፣ ከዚያ ሲያልፍ ተመልሶ ወረደ። 0.6 በመቶ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 6 ማይክሮ ሜትር መቀነስ ነው፤ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በዚህች ለውጥ የሙቀቱ ወሰን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖች የተፈቀዱላቸውን የኢነርጂ ደረጃዎች ከታች ጀምረው እስከ አንድ ከፍታ ይሞላሉ፤ የቁሱን ጠባይ የሚወስኑት በዚያ ከፍታ ጠርዝ ላይ ያሉት ናቸው። ደረጃዎቹ በሁሉም ኢነርጂ ላይ እኩል አልተከፋፈሉም፤ በአንዳንድ ቦታ እጅግ ብዙዎቹ ተከማችተው ይገኛሉ። በስትሮንቲየም ሩተኔት ይህ ክምችት ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለ ነው፤ ጭመቃው ያቀራርባቸዋል፣ 0.6 በመቶ ገደማ ላይም ይገናኛሉ። በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ፤ ጥንድ ለመሆን ዝግጁ የሆኑት በዚያች ነጥብ ላይ ስለሚበዙ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይጠነክራል፤ ሲያልፍ ደግሞ ይደክማል።

ከዚህ የበለጠ የማከብረው ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። ከ1998 ጀምሮ በነበሩ ልኬቶች መሠረት የዚህ ቁስ የኤሌክትሮን ጥንዶች ስፒናቸው (እያንዳንዱን ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ጠባይ) ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ነው የሚል እምነት ተስፋፍቶ ነበር፤ በአብዛኞቹ ሌሎች ሱፐርኮንዳክተሮች ውስጥ የጥንዶቹ ስፒን ተቃራኒ ስለሆነ ይህ እጅግ ብርቅ ነገር ነው፤ ቁሱም ለኳንተም ኮምፒውተር ይጠቅማል እየተባለ ብዙ ተጽፎለታል። በ2019 በሎስ አንጀለስ ስቱዋርት ብራውንና ባልደረቦቹ በተጨመቀ ናሙና ላይ ያንኑ ልኬት ሲደግሙ ውጤቱ ሌላ ሆነ። ሲመረምሩት ልኬቱን ለማካሄድ የሚላከው የሬድዮ ሞገድ ምት ራሱ ናሙናውን ለቅጽበት እያሞቀው ከሱፐርኮንዳክተርነት ያስወጣው እንደነበር ተገነዘቡ፤ ምቱን ሲያለዝቡት ባልተጨመቀውም ናሙና ያው አዲስ ውጤት ታየ። በ1998 ልኬቱን ከሠሩት መካከል የነበሩ የጃፓን ተመራማሪዎችም ሙከራውን እንደገና ሠርተው አዲሱን ውጤት አረጋገጡ። ሃያ ዓመት የቆየ እምነት የወደቀው አንዱን ክሪስታል በጥቂቱ ለመጭመቅ በተነሣ ፍላጎት መነሻነት ነው። መጭመቅ ቁሱን ከመለወጡም በላይ ስለ ቁሱ የምንናገረውን መፈተኛ ሆነ።

በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ ከቤተ ሙከራ አልፎ ኪሳችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ኢንቴል በ2003 በ90 ናኖ ሜትር ቺፖቹ ውስጥ በሲሊከኑ ግራና ቀኝ የሲሊከንና የጀርማኒየም ውሁድ በማስገባት የተጨመቀ ሲሊከን መጠቀም ጀመረ፤ ጭመቃው ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹን ስለሚያፈጥን ነው።

ብርሃን ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። ማንኛውም ብርሃን ቁስን ያሞቃል፤ ማሞቅ ደግሞ ሥርዓትን ማፍረስ ስለሆነ ብርሃን አዲስ ሥርዓት ይሠራል ማለት መጀመሪያ ላይ ለማመን ይከብዳል። ቁልፉ የብርሃኑ ዓይነት ነው። የክሪስታል አቶሞች በቋሚነት ይርገበገባሉ፤ እያንዳንዱ እርግብግቢት የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ አብዛኛውም በዓይን ከማይታየው ከኢንፍራሬድና ከቴራ ኸርዝ ብርሃን ድግግሞሽ ጋር ይገጥማል። በትክክል የተመረጠ የኢንፍራሬድ ምት ኤሌክትሮኖቹን በቀጥታ ሳያግል አንዱን እርግብግቢት ብቻ መርጦ ያጋግላል። እርግብግቢቱ ሲበረታ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ሳያቆም አጠገቡ ያሉትን አቶሞች ከቦታቸው ወደ አንድ ወገን ገፋ አድርጎ ያቆያቸዋል። ስለዚህ ክሪስታሉ ምቱ እስካለ ድረስ በማንኛውም መጭመቂያ ሊያገኘው የማይችለውን ቅርጽ ይይዛል። እኔ ይህንን ከውስጥ የሚመጣ መለጠጥ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ ከውጪው መለጠጥ የሚለየውም በጊዜው ነው፤ ምቱ የሚቆየው ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ላልበለጠ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መስክ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ሃምቡርግ የሚሠራው አንድሬያ ካቫሌሪ ነው። ቡድኑ በ2011 ከመዳብ ኦክሳይድ ቤተሰብ የሆነ፣ በራሱ ሱፐርኮንዳክተር ሊሆን ያልቻለ ክሪስታል በኢንፍራሬድ ምት ሲመታ ለጥቂት ጊዜ የሱፐርኮንዳክተር ምልክት እንዳሳየ አስታወቀ። በ2016 ደግሞ ፖታሲየምና የካርቦን ኳሶች የተዋሐዱበት፣ በተለመደው ሁኔታ ከ20 ኬልቪን በታች ብቻ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆን ቁስ፣ በብርሃን ሲመታ እስከ 100 ኬልቪን ድረስ ተመሳሳይ ምልክት አሳየ። እነዚህ ዜናዎች ብዙ ተስፋ ያሳደሩ ቢሆንም ክርክር አልተለያቸውም። አንድ ቁስ ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ የሚረጋገጠው ሽቦ ቀጥሎ እንቅፋቱ ዜሮ መሆኑን በመለካት ነው፤ ለሰከንድ ትሪሊዮንኛ በሚቆይ ሁኔታ ላይ ግን ይህንን ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ የሚለካው ቁሱ ብርሃንን የሚያንጸባርቅበት መንገድ ነው። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት፣ ብርሃኑ ከናሙናው ገጽ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ እየደከመ መሄዱ በትክክል ካልተሰላ የሱፐርኮንዳክተር የሚመስል ሐሰተኛ ምልክት ሊገኝ እንደሚችል አሳየ። በ2024 ደግሞ የሃምቡርጉ ቡድን በሌላ የመዳብ ኦክሳይድ ክሪስታል ዙሪያ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ውጪ ሲገፋ መለካቱን ይዞ ቀረበ፤ ይህ ደግሞ ሌላው የሱፐርኮንዳክተር መለያ ነው።

እኔ እስካሁን የማዘነብለው በመጭመቅ ወደሚገኘው ውጤት ነው። የተጨመቀ ክሪስታል እንደተጨመቀ ይቆያል፤ በአንድ ቀን በአንድ መሣሪያ፣ በሌላ ቀን በሌላ መሣሪያ ይለካል፤ ተጠራጣሪውም ራሱ ሊደግመው ይችላል። የብርሃኑ ሁኔታ ሳንደርስበት ያልፋል። ይሁን እንጂ ብርሃን የሚከፍተው በር ሰፊ በመሆኑ ከእሱ ዓይኔን ማንሣት አልችልም፤ መጭመቂያ ክሪስታሉን የሚይዘው ከጫፉ ነው፤ ብርሃን ግን ከብዙ እርግብግቢቶች የፈለገውን አንዱን ይመርጣል።

ሁለቱ መንገዶች በግልጽ የተገናኙት ስትሮንቲየም ታይታኔት በሚባል፣ ጌጣጌጥ ሠሪዎች በአልማዝ ምትክ ይጠቀሙበት በነበረ ክሪስታል ላይ ነው። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ታይታኒየሟ በስድስት ኦክስጅኖች መካከል ተቀምጣለች። ሲቀዘቅዝ ታይታኒየሞቹ ሁሉ ከመካከል ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብለው ክሪስታሉን ፌሮኤሌክትሪክ፣ ማለትም በራሱ የጸና የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ያለው ሊያደርጉት ይቃረባሉ፤ ግን አይደርሱም። ካርል አሌክስ ሙለርና ኤች. ቡርካርድ በ1979 እንዳሳዩት የሚከለክላቸው ፍጹም ዜሮ ላይ እንኳ የማይቆመው የአቶሞች ኳንተማዊ መንቀጥቀጥ ነው። ይህ ሙለር በ1986 ከጆርጅ ቤድኖርዝ ጋር የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮችን ያገኘውና በ1987 ኖቤል የተሸለመው ሰው ነው።

በ2004 አንድ ቡድን የዚህን ክሪስታል ስስ ንብርብር፣ የአቶሞቹ ርቀት በ1 በመቶ ገደማ ከሚሰፋ ሌላ ክሪስታል ላይ አሳደገው። የላይኛው ንብርብር አቶሞች ከታችኛው ጋር ለመግጠም ሲሉ ተለጠጡ፤ በየትኛውም ቅዝቃዜ ፌሮኤሌክትሪክ ያልሆነው ቁስም በተራ ክፍል ሙቀት አካባቢ ፌሮኤሌክትሪክ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ በ2019 ሁለት ቡድኖች ያንኑ በብርሃን አደረጉት። በቦስተን አጠገብ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቡድን በቴራ ኸርዝ ምት ታይታኒየሞቹን በቀጥታ ሲገፋ፣ የሃምቡርጉ ቡድን ሌላ እርግብግቢት በኢንፍራሬድ አጋግሎ ክሪስታሉ ውስጥ መለጠጥ እንዲፈጠር አደረገ፤ ያገኘው ሁኔታም ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ቆየ። እዚህ ላይ ብርሃንና መለጠጥ የሚባሉ ሁለት ርእሶች መሆናቸው ይቀራል። ብርሃኑ የለጠጠው ክሪስታል ነው ጠባዩን የለወጠው።

አብረው ሲሠሩ ደግሞ አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ይወስናል። በ2016 የታተመ ሥራ ላይ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ስስ ንብርብር ቀርቧል። ያልተለጠጠው ቁስ ሲቀዘቅዝ ማግኔትና ኤሌክትሪክ አሳላፊ ነው፤ በተለጠጠ ጊዜ ግን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ይህን የተለጠጠ ንብርብር በአንድ የሌዘር ምት ሲመቱት ወደ አሳላፊና ማግኔት ተመለሰ፤ ቅዝቃዜው እስካለ ድረስም እንደዚያው ቀረ። መለጠጡ ክሪስታሉን ወደ ጠርዝ አቀረበው፤ ምቱ አሻገረው። በታንታለም ሰልፋይድ ላይም በ2014 የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች 35 ፌምቶ ሰከንድ (አንዱ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ አንድ ሺኛ ነው) የቆየ አንድ ምት በማቀዝቀዝም ሆነ በማሞቅ ፈጽሞ የማይደረስበት፣ ተሰውሮ የኖረ ሁኔታ ውስጥ ሲያስገባው አይተዋል። ታንታለም በእኛው አገር በጉጂ ቀንጢቻ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ ከዚያ ማዕድን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሊገኝ መቻሉን ተማሪዎቼ ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፤ የእኔም እንዲሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ይህንን መስክ ከማንበብ አልፎ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ አለኝ። የፌምቶ ሰከንድ ሌዘርና ክሪስታልን ወደ 1 ኬልቪን የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ። የመለጠጥ ስሌት ግን ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። ኤሌክትሮኖችን በጥግግታቸው አማካይነት የማስላት ዘዴ በ1964 መሠረቱ ተጥሏል፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ዎልተር ኮን በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቶበታል። ስሌቱን የሚሠራው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚወርድ ነው፤ በ2018ም ይህንን ዘዴ ለአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች የሚያስተምር ሥልጠና እዚሁ አዲስ አበባ ተካሂዷል። በድሬስደን ክሪስታልን 1 በመቶ ለመለጠጥ ሦስት ምሰሶዎች ያስፈልጋሉ፤ በስሌቱ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው።

አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ግቢ ለሚማር ወይም ሊገባ ለሚያስብ ተማሪ የምመክረውም ስትሮንቲየም ታይታኔትን ነው። በአንድ መደጋገሚያ ውስጥ አምስት አቶሞች ብቻ ስላሉት በተራ ላፕቶፕ ይሰላል። መጀመሪያ ያልተለጠጠውን አስልቶ የታይታኒየሟን እርግብግቢት ድግግሞሽ ማግኘት፤ ቀጥሎ በሁለት አቅጣጫ 0.5 በመቶ፣ ከዚያ 1 በመቶ፣ ከዚያም 1.5 በመቶ እየለጠጡ፣ አቶሞቹ አዲሱን ቦታቸውን እንዲይዙ እየፈቀዱ፣ ያንኑ ድግግሞሽ ደግሞ ደጋግሞ ማስላት። መለጠጡ ሲጨምር ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ቁጥሩን በመቀነስ ምልክት ማውጣት ሲጀምር፣ ታይታኒየሟ ወደ መካከል የሚመልሳት ኃይል ጠፍቶ ክሪስታሉ ወደ ፌሮኤሌክትሪክነት መሻገር ፈልጓል ማለት ነው፤ ያንን ነጥብ በ2004 ከተለካው ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ከዚያም የትኛው እርግብግቢት በብርሃን ቢመታ ያንኑ መለጠጥ ሊፈጥር እንደሚችል ከዚያው ስሌት ላይ ተነሥቶ መፈለግ ይቻላል።